እቴቴ የነከሱት ጥቅልል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እስከ ክርናችን ቅባት በቅባት ከመሆናችን በስተቀር ደህና ነን።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሴ «አዎ» ነው፤ እየበላን ነው። አንቺ ባሳየሽኝ መሠረት እሑድ ዶሮውን ቀቅዬ፣ ከአጥንቱ ለይቼ፣ ሥጋውን በጣቴ በትኜ ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ማታ ማታ ሁሉም ከየሥራው እየሮጠ ሲገባ በማዮኔዝና በእርጎ ለውሼ፣ ካሮትና ኪያር ከትፌ ጨምሬ፣ በስስ ቂጣ ጠቅልዬ አቀርባለሁ። ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። አንቺ እንዳልሽው ለተጣደፈ ቤት የተፈጠረ ምግብ ነው። ችግሩ ጥቅልሉ ራሱም መጣደፉ ነው፤ አፍ ሳይደርስ ይበተናል።

አባዬ ከፊት ሲነክሰው ከኋላ ይወጣል፤ የወጣው ደግሞ እጅጌው ውስጥ ይገባል። ትናንት ሥራ ቦታው ኮቱን ሲያወልቅ ዶሮ ዱብ አለ። ሰው ሰራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው ከእጅጌው ዶሮ ሲያወጣ ደንበኛው ምን ይበል? «ጥርስ ልትገጥምልኝ ነው ወይስ አስማት ልታሳየኝ?» ብሎታል አሉ።

አያቴ አባባ ደግሞ ጥቅልል በእጄ አልይዝም ብለዋል። «በእጅ ተይዞ የሚሄድ ነገር ምግብ አይደለም፣ ጓዝ ነው!» ይላሉ። ሳህን ያስቀርቡና ጥቅልሉን እንደ ደብዳቤ ይዘረጉታል። ከዚያ ቂጣውን ለብቻ፣ ዶሮውን ለብቻ በሹካ። ዕድሜ ልካቸውን ፖስታ ቤት እሽግ ክፍል ሲሠሩ የሰው ዕቃ ከፍተው አያውቁም። ይኸው በጡረታቸው በየማታው የእኔን ይከፍታሉ።

ቢምቢማ ያው ቢምቢ ነው። ታናሽ ወንድም መሆን አልበቃው ብሎ የዜና አገልግሎት ሆኗል። ያየውን ሁሉ፣ ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣልሽ የሲሚንቶ መኪና ሹፌር ሳይነግር አያድርም።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። ደወል መጥተው ነበር። አውቃለሁ፣ የአባትሽን እኅት ደወል አትበያቸው ብለሽኛል፤ ይቅርታ። ግን እቴቴ ርዕሰ መምህርትነቱን ከተዉ በኋላም በራችንን ሲያንኳኩ ሁላችንም ሳናስበው ሰልፍ እንይዛለን። «እናታችሁ ድልድይ ልትቀይስ ስትሄድ ቤቱ መብላት ካቃተው ሥራውን ትቼ እመጣለሁ ብላ ቃል ገብታልኛለች» አሉ። «ስለዚህ መጥቼ አያለሁ። በኅዳር መጨረሻ ሐሙስ።» አባዬ «እሑድ ይሁን እቴቴ» ቢላቸው፣ «እሑድማ ማንም ቤት ጎበዝ ነው! እኔ የማየው በሥራ ቀን ነው» አሉት። ከዚያ «ወንድሜ ከስቷል» ብለው ሄዱ። አባዬ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ የበሳው ወደየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ አልነገራቸውም።

እማዬ፣ ድልድይሽን ጥለሽ እንድትመጪ አልፈልግም። ስለዚህ ንገሪኝ፤ እንዳይበተን ምን ላድርግ? ሁለት የወንዝ ዳር የምታያይዝ ሴት አንድ ቂጣ አያቅታትም።

ጠበቃሽ


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ለጠበቃዬ፣

ደብዳቤሽ ሲሚንቶ ጠግቦ ደረሰኝ። እሱን አራገፍኩት፤ ሳቄን ግን ማራገፍ አቃተኝ።

አዎ፣ ጫማው ውኃ አያስገባም፤ አዎ፣ እንቅልፍ እተኛለሁ፤ አይ፣ ስልኩ አሁንም አይሠራም። ውኃ ታንከሩ አናት ላይ ስወጣ ብቻ ትንሽ ይሰማል፤ እሱንም ንፋሱ ነው የሚያወራው።

ወደ ቂጣው ልመለስ። ኪያር ውኃ ነው። ከትፈሽ ጨው ነስንሺበትና ትንሽ ቆይተሽ በእጅሽ ጭመቂው። የሰላጣውን ቅጠል አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂ። መጀመሪያ ቅጠሉን ቂጣው ላይ አንጥፊ፣ ዶሮውን ከላዩ አድርጊ፤ ቅጠሉ ለቂጣው የዝናብ ልብስ ነው። ቂጣውን መጥበሻ ላይ ለአፍታ አሙቂው፤ ቀዝቃዛ ቂጣ እንደ ኩሩ ሰው ነው፣ ከመታጠፍ መሰበር ይቀለዋል። ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ከዚያ ጠቅልይ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስስታም ሁኚ። አንቺ እንደ እኔ እጅሽ ሰፊ ነው፤ ጥቅልል የሚፈነዳው በልግስና ነው። አንዴ በማዮኔዝ የተለወሰ ዶሮ ደግሞ ከማቀዝቀዣ ውጭ አይቆይ፣ አደራ።

እዚህ ድልድዩ ከሁለቱም ዳር ተነሥቶ ወደ መሐል እየመጣ ነው። የእኔ ሥራ ሁለቱ ጫፎች ሲደርሱ እንዳይተላለፉ በየቀኑ መለካት ነው። ስንት ዓመት የሰው መሣሪያ ስሸከም ኖሬ፣ ዛሬ መሣሪያውም ልኩም የእኔ ነው። ሳይገናኙ ጥዬ መሄድ ማለት የፈተልኩትን ክር ጫፉን ለመንገደኛ መስጠት ነው።

ግን ቃሌ ቃል ነው። ሻንጣዬ ግማሹ ተሞልቶ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። ከተራባችሁ አንድ ቃል ጻፊልኝ፣ በሚቀጥለው መኪና እወርዳለሁ። እንዳትደብቂኝ።

እናትሽ


ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ይድረስ ለእማዬ፣

የኪያሩ ምክር ሠርቷል፤ ቅጠሉም እንደዚያው። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ላይ «ሹፌሩን ምን አሳቀው?» ብለሽ የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። ሹፌሩ ለምን እንደሳቀ ላልነግርሽ ወስኜ ነበር፤ ቢምቢ ግን ቀደመኝ። ግማሹን ከምትሰሚ ሙሉውን ልንገርሽ።

ሐሙስ ዕለት ፈተና ስለነበረብኝ አባዬ «ዛሬ ማብሰሉን ለእኔ ተዉት» አለ። ሲለውሰው እርጎው ቀጠነበት። ማቀዝቀዣው አናት ላይ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አየና ሁለት ማንኪያ ሙሉ ጨመረ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ግን ወተት አልነበረም። ሰው አፍ ውስጥ ከትቶ የጥርስ ልክ የሚወስድበት ዱቄት ነው፤ ያ እርጥበት ሲነካው ወዲያው እንደ ጎማ የሚጠጥረው። ቤት አምጥቶ «እንዳይጠፋ» ብሎ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ የደበቀው ማን ይመስልሻል? ራሱ!

ሳህን አልታጠበም ነበርና፣ አባባ በስንት ጊዜያቸው ጥቅልሉን በእጃቸው ያዙ። ነከሱት። አልመጣም። ሳቡት። ጥቅልሉ መጣ፤ ጥርሳቸውም አብሮት መጣ። ባዶ አፋቸውን ከፍተው ልጃቸውን አዩት።

ሌላ ልጅ ቢሆን አባቱን ያስቀድማል። የእኔ አባት ጥቅልሉን ከእጃቸው ነጥቆ ወደ መብራቱ ሮጠ! «ኑ እዩ! በሙያ ዘመኔ እንዲህ ጥርት ያለ ንክሻ ወስጄ አላውቅም!»

«ጥርቼን አምጣ!» ይላሉ አባባ።

«ቆይ አባባ! አየሽ ልጄ፣ በቀኝ በኩል ነው የሚጫኑት። ይሄ ጎን ሥራ ፈት ነው። ሰው ዕድሜውን ይዋሻል፤ ንክሻ አይዋሽም።»

«ጥርቼን!»

ዱቄቱ ጉዳት የለውም፣ አባዬ ምሎልኛል። ደግሞም ማንም አልዋጠውም፤ መዋጥ የሚቻል ነገር አልነበረም። ያን ማታ ዳቦ በሻይ በላን። ረሃብ አይባልም፤ ሻንጣሽን እንዳትነኪ።

ከዚህ ሁሉ ጉድ አንድ ጥሩ ነገር ወጣ። አባባ ጥርሳቸውን መልሰው ካበቁ በኋላ ያልተነከሰውን ጫፍ አገላብጠው አዩና እጅግ ተቆጡ። «ንክሻውን ተዉት! ይሄን ያሸገው ማነው? ይሄ ተጠቅልሏል ይባላል? ይሄኮ ገና ከመስኮታችን ሳይወጣ ይፈነዳል!» በነጋታው ማታ እጃቸውን ታጥበው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወጥ ቤት ገቡ። በዘመኔ ወጥ ቤት ሲገቡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ በሩ ላይ ትንሽ ግራ ተጋብተው ነበር። ከታች አጠፉ፣ ከግራ ከቀኝ አጠፉ፣ በአውራ ጣታቸው እየጫኑ ጠቀለሉ፣ በወረቀት ሸፈኑ፣ በክር አሠሩ።

ጥቅልሉ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀ፣ እማዬ። ወደቀ! አልተበተነም። ቢምቢ በእግሩ ሊሞክረው ሲል ነው የደረስንበት።

ጠበቃሽ


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27

ለጠበቃዬ፣

ደብዳቤሽን ለብረት ሠራተኞቹ ሳነብላቸው አንዱ መዶሻውን ወንዝ ውስጥ ጣለው። አሁን ለአባባ ሰላምታ የሚልክ አንድ ሰፈር ሰው አለ።

ስለ አለቃዬ የሰማሽው እውነት ነው፤ ከማን እንደሰማሽ አልጠይቅም፣ ሹፌሩ መሆኑን አውቃለሁ። ድልድዩ እስኪገናኝ እቆይ እንደሆነ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ቁርጡን እንድነግረው ይፈልጋል። ካልቆየሁ ሌላ ቀያሽ ያስመጣል። የእቴቴን ሐሙስ አይቼ እነግርዎታለሁ ብዬዋለሁ።

አሁን በደንብ ስሚኝ። የዚያን ቀን የእቴቴን ጥቅልል ለብቻ ሥሪ። ዶሮውን በጣም አድቅቀሽ ክተፊው። ካሮቱን ቀቅለሽ ዳምጪው። ጥሬ ሽንኩርት አይግባበት። ቂጣው ለስላሳ ይሁን፣ እሳት አያድርቀው። ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለአባትሽ ደግሞ በተለይ።

እናትሽ


ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ይድረስ ለእማዬ፣

ካንቺ ከመጣው የሲሚንቶ ብናኝ በቀር የሚያስነጥሰን የለም፤ ሁላችንም ደህና ነን።

አልጠይቅም። ጠበቃ አይጠይቅም፣ ይገምታል። እቴቴ መንጋጋቸውን ለተግሣጽ ቆጥበው ይዘውት ይሆናል። ወይ ማኘክ ለታናናሾች የተተወ ሥራ ነው ብለው ያምናሉ። እሺ፣ እሺ፣ እንዳልሽው እከትፋለሁ። ለአባዬም አልነገርኩም፤ እሱ ግን «ምን ደብቀሽ ነው ፊትሽ እንዲህ ያበጠው?» ብሎ አፌን ከፍቶ ጥርሴን መረመረ። ለእሱ ሁሉም በሽታ ከጥርስ ነው የሚጀምረው።

ልምምዱ እንዴት እንደሚሄድ ላልሽኝ፣ ትናንት ማታን ልንገርሽ። እኔ ከትምህርት ቤት ስገባ ዶሮው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይጠብቀኛል። ቢምቢ ቅጠል ያጥባል፤ ከቅጠሉ ይልቅ ራሱን ነው የሚያጥበው፣ ግን ሁለቱም መታጠብ ያስፈልጋቸዋል። እኔ እለውሳለሁ፤ ሎሚ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው። አባባ ጠረጴዛው ራስ ላይ መነጽራቸውን አድርገው ይጠብቃሉ። የሞላሁትን ቂጣ እገፋላቸዋለሁ፣ ያጥፋሉ፣ ያስራሉ፣ ወረቀቱ ላይ ይጽፋሉ። ማን እንደሚበላው ብቻ መስሎሽ? «ከ፦ ወጥ ቤት። ለ፦ ጥርስ ሠሪው። ተሰባሪ።» የእኔ ላይ «ለ፦ ምላሷ» ብለው ጽፈውበታል። ለምን ተሰባሪ እንዳልተጻፈበት ስጠይቅ «አንቺን ማን ይሰብርሻል!» አሉ።

አባዬ ገባ፣ የራሱን ከመደርደሪያው አነሣ፣ የሚጠብቀው ደንበኛ ስላለ በአንድ እጁ እየበላ በሌላው በሩን ዘጋ። እጅጌው ንጹሕ ነው። ቢምቢ የራሱን ይዞ ኳስ ሜዳ ሄደ። እኔ በአንድ እጄ ጥቅልል፣ በሌላው ሒሳብ። አባባ ሳህን አላዘዙም! የራሳቸው እጅ ሥራ ስለሆነ መዘርጋት አሳዘናቸው መሰለኝ።

ግን አንድ ነገር አለ፤ ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር። ሁላችንም ወስደን ስናበቃ መደርደሪያው ላይ አንድ ጥቅልል ቀረ። አገላብጬ ሳየው «ለ፦ ቀያሿ» ይላል። «አባባ፣ እማዬ እኮ እዚህ የለችም» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ። «ተቀባይ ባይኖርም እሽግ ይሠራል። ደንብ ነው።» ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁት። ማንም አልነካውም።

ጠዋት ቢምቢ በላው። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር፤ ሽንኩርቱ ይመስለኛል።

ጠበቃሽ


ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

ልጄ፣

ሹፌሩ አሁን ደረሰ። ቢምቢ የነገረውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፦ «እቴቴ አለቀሱ። አባዬ የተነከሰ ጥቅልል በላስቲክ ይዞ ተከተላቸው። አባባ ራት ሳይበሉ አደሩ።» ሌላ ምንም የለም!

ምን ሆናችሁ? እንዳልኩሽ ሳትከትፊው ቀርተሽ ነው? ታንከሩ አናት ላይ ወጥቼ ልደውል ብሞክር ንፋሱ ብቻ መለሰልኝ። ሻንጣዬን ሞልቼ ዘግቻለሁ። ማክሰኞ ለአለቃዬ ነግሬ ሐሙስ በሚወርደው መኪና እመጣለሁ።

ዛሬ ጥብቅና አያስፈልገኝም። እውነቱን ብቻ ላኪልኝ፣ በዚሁ ሹፌር መልሺልኝ።

እናትሽ


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ሻንጣውን ክፈቺ!

ሰላምታው መጨረሻ ላይ ይደርስሻል። መጀመሪያ ሻንጣውን ክፈቺ፣ ልብስሽን መልሰሽ ስቀዪ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ቢምቢ ያለው ሁሉ እውነት ነው። እሱ አይዋሽም፤ ችግሩ አያብራራም።

ከትፌ ነበር፣ እማዬ። በሕይወቴ እንደዚያ ከትፌ አላውቅም። ለስላሳ፣ ትንሽ፣ የሚያምር ጥቅልል አስቀመጥኩና ቢምቢ ቅጠሉን ሊደፋው ሲል ልይዝ ሮጥኩ። የረሳሁት አባባን ነው። ስም የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ስመለስ ሁሉም ታሽጓል። «ትልቁ እሽግ ለእንግዳ» ብለው የአባዬን ወፍራም ጥቅልል፣ ያን ጥሬ ካሮት የሚንኮሻኮሽበትን፣ «ለ፦ ርዕሰ መምህርት። በክብር» ብለውበታል። ለስላሳዋን ትንሿን ለራሳቸው። እኔ ይህን ያወቅሁት እቴቴ ከነከሱ በኋላ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሁሉም እንደ ሰልፍ የተስተካከለ ነበር። የቢምቢን ጥፍር አዩ፤ ንጹሕ። ማቀዝቀዣውን ከፈቱ፤ ንጹሕ። አባዬ ከሥራ እየሮጠ ገባ፣ ራቱ ታሽጎ ጠበቀው። «እ» አሉ እቴቴ። እሳቸው «እ» ካሉ ሽልማት ነው። ከዚያ ክሩን ፈቱ፣ ነከሱ፣ ቀጥ አሉ። ጉንጫቸው አልተንቀሳቀሰም። የነከሱትን በውኃ አወራርደው ጥቅልሉን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ጠግቤአለሁ።»

«አንዴ ነክሰሽ ነው እቴቴ?» አለ አባዬ።

«ጠግቤአለሁ አልኩ! ደግሞ ይሄ ራት ነው? ልጆቹ እናታቸው ትምጣላቸው። ነገ እጽፍላታለሁ።»

እማዬ፣ ድልድይሽ መሐል ላይ ሳይገናኝ ቆሞ ታየኝ። ጥፋቱም የእኔ ሆነ፤ አንድ ጥቅልል መጠበቅ አቅቶኝ።

አባዬ ሳህኑን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ጥቅልሉን አየው። አነሣው። ወደ መብራቱ አስጠጋው። በልቤ «በቃ፣ አሁን ደግሞ ሙያው ተነሣበት» አልኩ። አዙሮ አዙሮ አየውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እቴቴ፣ ከታች በግራ በኩል ጥርሶችሽ የት ሄዱ?» አለ።

ቢምቢ እንኳን ዝም አለ። ይህን ቀን መዝግቢው።

«ምን አገባህ?» አሉ። ግን ደወሉ ተሰንጥቆ ነበር። «ከክረምት ጀምሮ ነው። አንዱ ሄደ፣ ሌሎቹ ተከተሉት።»

«እኔ ወንድምሽ ጥርስ ሠሪ አይደለሁም እንዴ?»

«እሱ ነዋ! ስንት ዘመን ጠዋት ጠዋት የሰው ልጅ አፍ እያስከፈትኩ 'ጥርስህን አሳየኝ' ስል ኖሬ፣ አሁን ለታናሽ ወንድሜ አፌን ልክፈት?»

አባባ ይህን ሲሰሙ ሁለቱንም ረድፍ ጥርሳቸውን አውልቀው ጠረጴዛው መሐል፣ ከጨውና ከሎሚው አጠገብ አስቀመጡት። «ልዤ፣» አሉ በባዶ አፋቸው፣ «እኔም የለኝም።»

እቴቴ ሳቁ። ሳቁና ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ወደ እኔ ዞረው፣ «እናትሽ ታውቅ ነበር» አሉ። «እሑድ እሑድ ስመጣ፣ ሳልነግራት፣ የእኔን ለብቻዋ አድቅቃ ታቀርብልኛለች። አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። እሷ ከሄደች ወዲህ ሾርባና ሻይ ብቻ ነኝ።»

ገባሽ እማዬ? ተርበናል ወይ ብለው ሊመረምሩን መጥተው፣ ከቤተሰቡ ሁሉ የተራቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ!

አባባ ጥርሳቸውን አጥልቀው የቢሮ ድምፃቸውን አወጡ። «በተሳሳተ አድራሻ የደረሰ ነው» ብለው ትንሿ ጥቅልል ላይ ያለውን ስማቸውን ሰርዘው «ርዕሰ መምህርት» ብለው ጽፈው ገፉላቸው። እቴቴ እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ በሏት። ሌላ ከተፍኩላቸው፤ እሷንም በሏት። አባባ ያን ካሮታም ጥቅልል አልደፈሩትም፤ ራት ሳይበሉ ያደሩት ለዚህ ነው፤ ግን እንደ ጠገበ ሰው እያፏጩ ነው የተኙት። አባዬ ደግሞ «ዛሬውኑ ልክ ካልወሰድኩ!» ብሎ የተነከሰውን በላስቲክ ይዞ እስከ ሥራ ቦታው ይዟቸው ሄደ።

እቴቴ ሲወጡ በሩ ላይ ዘወር አሉ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«እናትሽ ሥራዋን ትጨርስ። እኔ ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ። ደግሞ ሎሚ ያንሰዋል።»

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ በጣም ደህና ነን።

ጠበቃሽ


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5

ለጠበቃዬ፣

ሻንጣዬን ከፍቼ ልብሴን ሰቀልኩ። ለአለቃዬም «እቆያለሁ» አልኩት። «ምን ተገኘ?» ቢለኝ «የባለቤቴ እኅት ጥርስ» አልኩት። እስካሁን አልገባውም።

አይ፣ አልተቀየምኩሽም፤ አባባንም አልተቀየምኳቸው። እኔ ክረምቱን ሙሉ ያልደፈርኩትን ነገር አንድ የተሳሳተ አድራሻ ጨረሰው። እቴቴን ግን ከዛሬ ጀምሮ ደወል ማለትሽን ትተሽ በስማቸው ጥሪያቸው። ቢያንስ በደብዳቤ።

የአባባ እሽግ ደርሶኛል። ስከፍተው ባዶ ወረቀት፣ መታጠፊያው በቁጥር የተጻፈበት፣ ከክር ጋር። ማስታወሻው «ዶሮ ይህን መንገድ አይችልም፤ አስተጣጠፉን ግን ልኬልሻለሁ» ይላል። የካምፑን አብሳይ አስተማርኩት። አሁን ብረት ሠራተኞቹ በአንድ እጃቸው ይበላሉ። ትናንት ምሳ ሰዓት በእኛ በኩል ባለው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን ስንበላ ማዶ ያሉት ቀኑብን። ክፍተቱ እኮ ጠቧል! አንዱን ጥቅልል ወረወርንላቸው።

ደረሰ፤ አልተበተነም። ለአባባ ንገሪልኝ።

እናትሽ


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እንድናሳይ ከታዘዝነው ጥርስ በቀር ሁሉም ሰላም ነው።

የእቴቴ ጥርስ ተገጠመ። አባዬ በሕይወቱ የሠራው ምርጥ ሥራ ነው ይላል፤ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ለማስተዋወቅ «እኅቴ ነች» ሳይሆን «ፈገግ በይላቸው» ነው የሚለው። እቴቴ ፈገግ ይላሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ድሮ ሲቆጡ ይሻል ነበር፤ አሁን ሲስቁም ሰልፍ እንይዛለን።

አሁን ማድቀቅ ቀርቶልኛል ብዬ ነበር። ዛሬ ማታ ግን ካሮታሙን በደንብ አኝከው ጨርሰው፣ አፋቸውን ጠራርገው፣ «ያቺስ ደቃቋ?» አሉኝ። «አሁንማ ጥርስ አለዎት እኮ እቴቴ» ስላቸው «ጥርስ አለኝ ብዬ የለመድኩትን ልተው?» አሉ። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ይበላሉ። ወንድማቸው ከስቷል ማለት ትተዋል።

ስለ ውርወራው ለአባባ ነገርኳቸው። ቀኑን ሙሉ ከሚያገኙት ሰው ሁሉ ጋር ወሬ ይጀምሩና «ወንዝ የተሻገረ እሽግ ያውቃሉ?» ይላሉ።

መጨረሻ ላይ በትንሹ የጠየቅሽኝን አይቼዋለሁ፤ በጥግ በኩል ጽፈሽ ያላየሁ መስሎሽ። አዎ። በስምሽ አሁንም በየማታው ይጠቀልላሉ። አንድም ቀን አላቋረጡም። «ለ፦ ቀያሿ። ተቀባይ እስክትመጣ ይቆይ» ብለው ማቀዝቀዣው ውስጥ በክብር ያስገባሉ። እንዳይበላሽ ቢምቢ ይብላው ብላቸው፣ እሽግን ከተቀባዩ በቀር ሌላ ሰው እንዲረከብ ደንቡ አይፈቅድም ነበርና ደንቡን አሻሻሉት።

አሁን ቢምቢ ጠዋት ጠዋት እጁን ታጥቦ ይቀርባል፣ ስሙን ወረቀቱ ላይ አጣሞ ይጽፋል፣ ስለ አንቺ ሆኖ ይረከባል። በሰላም ጨርሰሽ ነይ፤ ሁለቱ ጫፎች ይገናኙ። ግን ቶሎ ይገናኙ። ቢምቢ እየወፈረ ነው።

ጠበቃሽ